ጋሽ ድሪባ በበዓል ዋዜማ የሚጠፉበት ምክንያት

ይህ የሆነው ያለፈው ዓመት የገና ሰሞን፣ እዚሁ አዳማ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ የደበቅሁት ነገር ስላለበት ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ስለዚህ እዚህ ልናዘዘው።

የመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ያቋረጥኩትን ትምህርት ቀጥዬ ኮሌጅ የገባሁት በአርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የምማረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው መሰለኝ፣ በትምህርት ነገር ቀልድ አላውቅም። ልጄ ሜሮን «እማዬ የምግብ ቤት ሜኑ እንኳ ሳታርሚ አታዢም» ትለኛለች።

መምህራችን «የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር» የሚል ክርክር ሰጠን። ጎኑን የለየልን ዕጣ ነው፤ ለእኛ ቡድን «ይኑር» ደረሰው። ንግግሩን እንዳቀርብ እኔ ተመረጥኩ። ከመቶው ሃያው የሚያዘው በዚህ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ሐሙስ ላይ ራሴን አሳምኜ ጨርሼ ነበር።

ዓርብ ከሥራ መልስ ግቢያችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ንግግሬን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። አድማጬ ለበዓል የገዛሁት፣ እግሩ ከአጥሩ ጋር የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። «ሕይወት ያጠፋ በሕይወቱ ሊከፍል ይገባል» ስለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ።

ሜሮን ከበረንዳው ሆና «ለእሱማ መጀመሪያ ጥፋቱን ንገሪው» አለች።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሰው ሳቀ። ጎረቤታችን ጋሽ ድሪባ ናቸው፤ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ሰባን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ሳይጠሩ የሚመጡ ሰው ናቸው። የነበረኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ወንድ የለም፤ ሴት ደግሞ አታርድም። አምስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ፤ እሳቸው ግን የሉም። አርሲ ነገሌ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል። ለአንድ ዶሮ ይህን ያህል መሸሽ ምንድን ነው እያልኩ በልቤ አዝንባቸው ነበር።

ዘንድሮስ ሳይሄዱ ልያዛቸው ብዬ ወደ አጥሩ ቀረብኩ።

«አካም ኦልተኒ፣ ጋሽ ድሪባ?»

«ደህና ነኝ። ማንን ልትሰቅዪ ነው ዛሬ?»

የክርክሩን ነገር ነገርኳቸው። አስከትዬም «ለዋዜማው ይህን ዶሮ ያርዱልናል፤ ዘንድሮ አያመልጡኝም» አልኩ።

ዞረው በግቢያችን በር ገቡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ተማሪዋ፣ እኔ እኮ የሞት ፍርደኛ ነበርኩ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት። በወጣትነታቸው ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ሲያለሙ፣ በመስኖ ውሃ ተራ ከአንድ ሰው ተጣሉና በአካፋ መትተው ገደሉት። ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስኪለወጥ ሁለት ዓመት ጠበቁ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ለእሳቸው የመጡ ይመስላቸው ነበር። ኋላ በይቅርታ ተፈቱ። ከዚያ ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር በእጃቸው ገድለው አያውቁም።

እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ቢላዋ ይዤ ሳንኳኳባቸው ኖሬያለሁ።

ወረቀቴን አጠፍኩት። «በቃ፣ ሌላ ሰው ያቅርበው» አልኩ።

«ለምን? ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል። አንድ ሰው ግን ረስተሻል።»

«ማንን?»

«የሟቹን እናት። ሕግ ሕግ ትያለሽ፣ እሷ የለችበትም። ችሎት ላይ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እሷ ብትጠየቅ እንድኖር አትፈቅድም ነበር፤ አልፈርድባትም። እሷን ካላስገባሽ ትሸነፊያለሽ።»

ከዚያ ንግግሬን ከላይ እስከ ታች አስነበቡኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «እዚህ ጋ ዶሮውንም እንቅልፍ ወሰደው» አሉ። ሜሮን እኔ ስታረም በማየቷ የተሰማትን ደስታ ልትደብቅ እንኳ አልሞከረችም።

ቅዳሜ አቀረብኩ። እናትየዋ ጋ ስደርስ መምህሩ ስልኩን አስቀመጠ። በመጨረሻ ሁላችንም በቁራጭ ወረቀት፣ በምስጢር ድምፅ ሰጠን። ወረቀቴን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስለ እናትየዋ ከተናገርኩት አንድም ቃል ውሸት አልነበረበትም። ግን ትናንት በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ያረሙኝን ሰውዬ ከዚያ አስነስቼ ለሞት መስጠት አቃተኝ። «ይቅር» ብዬ ጻፍኩ።

አሥራ አምስት ለአሥራ አራት ተሸነፍን። የቡድኔ ልጆች ከዳተኛውን እስከ ዛሬ ከኋላ ወንበር ይፈልጉታል። ልጆች፣ እኔ ነኝ።

ጋሽ ድሪባ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «እህስ?»

«በአንድ ድምፅ ተሸነፍን።»

«ያንን ሁሉ አስተምሬሽ?» ብለው ከልባቸው ተናደዱ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

አውራ ዶሮው ይቅርታ አላገኘም። በሰፈራችን የሚያልፍ አንድ ባለባጃጅ አረደልን። የገና ዕለት ወጡን ስወስድላቸው ባይበሉስ ብዬ ሰግቼ ነበር። «ማረድ እንጂ መብላት መች ተውኩ» አሉና ጨው እንዳነሰው ነገሩኝ።

ምክንያታቸውን ሳልጠይቅ ያን ያህል ዓመት ስፈርድባቸው መኖሬን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። ለፋሲካ አራጅ ቀድሜ ፈለግሁና ማግኘቴን ነገርኳቸው። ዋዜማው ዕለት በአጥሩ አሻግሬ ሳይ በራቸው ክፍት ነበር። አርሲ ነገሌ አልሄዱም።