ሻይ ቤት ውስጥ የተጋረደው ፎቶ

ወሬው የደረሰኝ እዚህ በስደት አገር፣ ከቅዳሴ ስመለስ ባቡር ውስጥ ነው። የወንድሜ ልጅ ሞላሌ ላይ የከፈተውን የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳ በስልኩ አንሥቶ ላከልኝ። በጣሊያን ጊዜ የተነሡ የጦር ካምፕ ፎቶዎችን አዲስ አበባ በትልቁ አሳትሞ፣ በጥቁር ፍሬም ደርድሯቸዋል። «አክስቴ፣ እንግዳው ሁሉ ወዶታል» ይላል። ሦስተኛውን ሳይ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ረጅም የድንጋይ ቤት፣ ከፊቱ ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች። ከዳር ሆኖ ወደ ካሜራው ዞር ያለውን ጎልማሳ አውቀዋለሁ። በአካል አላየሁትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሄደው። የማውቀው ከዚሁ ፎቶ ነው።

ይህን ፎቶ መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የተቃረብኩ ልጅ ነበርኩ። ከአባቴ እኅት ከእትዬ አስካለ ጋር ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ልንሸጥ ሞላሌ ገበያ ወጣን። በልግ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ። ምንጭ ዳር በሶአችንን በጥብጠን ጠጥተን ቀኑን ሙሉ በእሱ ብቻ ገበያ ዋልን። ገበያው ሲበተን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና ሰውነታችንን ልናሞቅ ጋሽ ወልዴ ሻይ ቤት ጎራ አልን። ጋሽ ወልዴ ከተሜነት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የገዙትን የካምፕ ፎቶ ለቤት ጌጥ ብለው ሰቅለውታል። እትዬ አስካለ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ተነሡና ከፊቱ ቆሙ። 

«አየለ ነው» አሉ።

ወንድማቸው ነው። ጣሊያኖች ድንጋይ ተሸከም ብለው ወስደውት በዚያው የቀረው። ሬሳውን ያየ ሰው ስላልነበረ አያቴ «ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ» ብለው፣ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ተዝካሩም ሳይወጣ እሳቸው አለፉ። እትዬ አስካለም የእናታቸውን ቃል ጠብቀው ኖረዋል።

ፎቶውን ይሽጡልኝ ብለው ለመኑ። ጋሽ ወልዴ፣ «የቤቴን ጌጥ? እንግዳዬ ምን ሊያይ ነው፣ የእርስዎን ባና?» አሉ፤ ሻይ ጠጪው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። በሚቀጥለው ገበያ ነጭ አቡጀዲ ይዘው መጡና እንደ መጋረጃ አድርገው ፎቶው ላይ ሰቀሉበት። «ጌጥዎን አልወሰድኩብዎትም። ሻይ እየተጠጣ እንዳይሳቅበት ነው።»

እንግዲህ የእኛ አገር ሰው የተጋረደ ሥዕል የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙም ሳይቆይ ገበያተኛው ሲገባ ቆቡን እያወለቀ፣ እያማተበ መጋረጃውን ይሳለመው ጀመር። ከዘመሮ የመጡ አንዲት እናት ስለት እንደተሳሉበትም ሰማን። ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ ገበያቸው ስለደራ ዝም ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ፈሩና መምሬ ኃይሌን ጠሯቸው።

መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ገብተው መጋረጃውን ገለጡት። የጠላት ካምፕ ሲሳለም የከረመው ሰው አንገቱን ደፋ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው እትዬ አስካለን አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩን ከሥሩ ሰሙ።

«አስካለ፣ የሕያው ሰው ፊት ይሸፈናል?»

እትዬ አስካለ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ፊቱን የሸፈንሽው አንቺው ነሽ። ማረፉን ልብሽ አውቆታል። በይ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

የክርስትና ስም በእኛ ዘንድ በአደባባይ አይነገርም፤ ክፉ ሰው እንዳይደግምበት ይደበቃል። እትዬ አስካለ ወደ መምሬ ጆሮ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። እንባቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍትሐቱ በሳምንቱ ተደረገ። ሬሳ የለ፣ አጽም የለ። ጋሽ ወልዴ ማንም ሳያዛቸው ፎቶውን ከነመጋረጃው አውርደው፣ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ከደጀ ሰላሙ ቆሙ። እኔ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር፣ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ልክ መምሬ ስሙን ሊጠሩ ሲሉ በረዶ ወረደ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ እንደ ነጋሪት ተመታ፤ ስሙን እኛ ዘንድ ሳይደርስ ዋጠው። የሰሙት ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው። ፎቶው ወደ ግድግዳው ሲመለስ ግን እትዬ አስካለ መጋረጃውን አልመለሱትም። «አሁንማ ሰው ይየው» አሉ።

የክርስትና ስሙን አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ስል ስደት ቀደመኝ። እሳቸውም፣ መምሬም፣ ጋሽ ወልዴም ዛሬ የሉም። የወንድሜ ልጅ ነገሩን ስነግረው ደንግጦ «ላውርደው ወይ?» አለኝ። አታውርደው፣ አልኩት፤ ከሥሩ ግን አየለ ብለህ ጻፍበት። ፎቶ አንሺው ያነሣው ቤቱን ነው። ሰዎቹ እንደ ድንጋዩ ሁሉ ከቤቱ ጋር አብረው ፎቶው ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ለጌጥ የሚገዛቸውም ስማቸውን አይጠይቅም።

ለጸሎት ግን አየለ አይበቃም። እዚህ ለሙታን መታሰቢያ ስም ስሰጥ ካህኑ «የክርስትና ስሙስ?» ይሉኛል። ያን ቀን ከውስጥ የነበራችሁ፣ በድቁና መምሬን ያገዛችሁ፣ ዛሬ ሸምግላችሁ ይሆናል። ስሙን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በእመቤታችን፣ ወደዚያ ቤት ጎራ በሉና ለወንድሜ ልጅ ንገሩልኝ። በአደባባይ አይሁን። ጠጋ ብላችሁ፣ በጆሮው።