የማሞቂያው ግማትና የአራስ ቅቤ

ልጅ እያለሁ ቆቦ ላይ የመኪና ማሞቂያ የሚከፍት ሹፌር ቢገኝ ጠበል ይወስዱት ነበር። አገሩ መስኮት ከፍቶ፣ ሸሚዝ ፈትቶ የሚነዳበት ነው። ማሞቂያው ትዝ የሚላቸው አላማጣን አልፈው የኮረምን ዳገት ሲወጡ ብቻ ነው። እስከዚያ ለወራት ተዘግቶ ይከርማል። ሚኒባሱ ደግሞ ሰው በማይጭንበት ቀን ማሽላ ይጭናል። አይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ታገኛለች?

ታላቅ እህቴ ኮረም ላይ ወልዳ እናቴ የአራስ ቅቤ ይዛ ስትሄድ እኔንም አስከተለችኝ። ቅቤውን ያጠራቀመችው ከአንዲት ላም ነው፤ እኛን ልጆቿን ጣታችንን እንኳ አላስነካችንም። ቅቤውን የያዘውን ቅል በጨርቅ አስራ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ዋጃ፣ ከዋጃም እስከ አላማጣ ማንም ምንም አላለንም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሹፌሩ ማሞቂያውን ከፈተው። ያ ሽታ! ዛሬም ሳስታውሰው አፌን ይመረኛል። የበሰበሰ ሥጋ፣ የሻገተ እህልና ሽንት ተደባልቆ፣ ሞቅ ብሎ ፊታችን ላይ ተነፋ። ከፊት የተቀመጠ ባለ ኮት ሰውዬ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ መሰለኝ፣ አፍንጫውን በመሃረብ ይዞ ዞረና የእናቴን ቅል አየ።

"የቆላ ቅቤ! ይቺን ሴትዮ አውርዱልን፣ ልታስመልሰን ነው!"

ሌሎቹም ተቀበሉት። ረዳቱ ቅሉን ጣሪያ ላይ ሊወረውረው እጁን ሲዘረጋ እናቴ እጁን መታችው። "የአራስ ቅቤ አይወረወርም፣ ቅሉ ይሰበራል! ለጋ ቅቤ ነው፣ ና አሽትተው" አለች። የሚያሸት ግን አልተገኘም። መኪናው ቆመና ከነቅላችን ወረድን።

ጉም ነበር። እህቴ ዘንድ ሳንደርስ እዚያው ብርድ ላይ የምንቀር መሰለኝና አለቀስኩ። እናቴ ግን በሩን ይዛ፣ "ይኸው ወረድኩላችሁ። አሁን በሩንም መስኮቱንም ዝጉና ሽታው ከእኔ ጋር መውረዱን እዩ" አለች። ሹፌሩ ከነገር ለመገላገል ብሎ ዘጋው። በመስታወቱ አየናቸው። ባለ ኮቱ መጀመሪያ ዘና ብሎ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ መሃረቡን ፈለገ፤ ቀጥሎ በሩን በርግዶ ወርዶ መንገድ ዳር አስመለሰ።

ሹፌሩ የማሞቂያውን ሳጥን ፈታው። የማሽላ ፍሬ፣ የተቦጫጨቀ ጨርቅ፣ በመሃሉ አይጥ ከነልጆቿ በስብሳ! በእንጨት እየጫረ ሲያወጣ ያየሁትን አልጽፈውም። ከግማቱ የባሰ ያስጠላኝ ግን የሰዎቹ ዝምታ ነው። አጥፍተናል ያለ አንድ ሰው የለም። ረዳቱ "በይ ግቢ እናቴ፣ ብርድ ነው" አለ፣ በገዛ ፈቃዷ የወረደች ይመስል።

እናቴ አልገባችም። ቅሉን ለባለ ኮቱ ዘረጋችለት። "ና የኔ ጌታ፣ አንተ ትይዝልኛለህ። ካልያዝክ ወላሂ እዚሁ በር ላይ እቆማለሁ፣ መኪናውም አይሄድም።" ሰውዬው አመነታ። "ያዘውና እንሂድ!" ብለው የጮኹበት ቅድም አብረውት የጮኹት ራሳቸው ናቸው። እስከ ኮረም ድረስ የእህቴን ቅቤ እንደ ሕፃን ታቅፎ ሄደ።

አሁን እኔም አያት ሆኛለሁ። ልጄ የራሱ ሚኒባስ አለው። ማሞቂያው እምቢ ሲለው ውሃ ጎድሎ እንደሆነ፣ ቱቦው ተደፍኖ እንደሆነ፣ ማራገቢያው ተቃጥሎ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ጎበዝ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ጎብዬ ላይ ወተት የያዘች ሴትዮ ጭነን ወደ ደሴ ስንወጣ ማሞቂያውን ከፈተና ያ የማውቀው ሽታ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሴትዮዋን አየ። መኪናው አዲስ፣ መንገዱ አስፋልት፣ አፍንጫው ግን ያው የድሮው!

"አቁም" አልኩት ልጄን። ሳጥኑ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ የሴትዮዋን ወተት እኔ ታቅፌ ተቀመጥኩ።