የቅሬው ሁለተኛ ሰልፍ

ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። ከውጫሌ በኩል የሚሰማው ነጎድጓድ ይሁን ከባድ መሣሪያ መጀመሪያ ላይ መለየት አቅቶኝ ነበር። አባቴ ከተኛበት ሆኖ «ዝናብ ነው?» ይለኛል።

«አዎ አባዬ፣ ዝናብ ነው» እለዋለሁ።

እኔን ግን ከመድፉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ የቅሬያችን ነገር ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው ቅሬ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ቅሬውን ይመሩ የነበሩት የቀድሞው ዳኛችን ሲሞቱ ለቦታው ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ አንዱ የላይ ሰፈር ነጋዴ፣ አንዱ የታች ሰፈር ዓሣ አጥማጅ። የመንግሥት ለውጡ የመጣ ጊዜ መንገድ ላይ ተቃቅፎ የጨፈረ ሰው አሁን ሰላምታ ተነፋፈገ። ላዮቹ «የእኛ ሰው ካልሆነ የራሳችንን ቅሬ እናቆማለን» አሉ። ታቾቹም እንደዚያው። ቤታችን ታች ነው፣ የአባቴ ዘመዶች ላይ ናቸው። አባቴ ደግሞ ዛሬ ነገ የሚባል በሽተኛ ነው። ቅሬው ከተከፈለ ማን ይሸከመዋል?

ልጄ ዩኒቨርሲቲዋ በጦርነቱ ተዘግቶ ቤት ነበረች። ጭንቀቴን ነገርኋት።

«እማ፣ የሚያጣላችሁ አመራረጡ ነው» አለችኝ። «ሁለት ፓርቲ ብቻ የሚፈራረቅበት አገርም እንዲሁ ነው። ሰው የሚፈራው እንዳይገባ ብሎ ከማይወደው ጋር ይለጠፋል። በቅደም ተከተል ብትመርጡ ግን ትንሽ ሰው ያገኘው ይወጣና ደጋፊዎቹ ‹እሱ ባይሆን ቀጥሎ ማን?› ይባላሉ። የዳኛው ረዳቶችም እንደ ደጋፊው ብዛት ከሁሉም ወገን ይገባሉ። ባዶ እጁን የሚሄድ የለም።»

«እንዲህ የሚመርጡ አይጣሉም?»

«ይጣላሉ» አለች እየሳቀች። «ግን ተወዳዳሪዎቹ የሌላውን ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ስለሚፈልጉት አፋቸውን ይቆጥባሉ።»

የቅሬው ሽማግሌዎች ሰሟት። ሦስተኛ ተወዳዳሪ ሆነው አንድ ዝምተኛ ክርስቲያን አዛውንት ገቡ። ከሰላት በኋላ ዋርካው ሥር ተሰብስበን እያንዳንዱ ከመረጠው ሰው ጀርባ ተሰለፈ። ከአዛውንቱ ጀርባ የቆመው ትንሽ ነው።

«እሳቸው ከውድድሩ ወጥተዋል» አለች ልጄ። «ከጀርባቸው ያላችሁ አሁን ወደ ሁለተኛ ምርጫችሁ ሂዱ።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ሂዱ እንጂ!»

«የት ነው የምንሄደው?» አለች አንዲት ጎረቤቴ። «እሳቸውን ብቻቸውን ገትረን?»

«ተሸንፈዋል እኮ፣ እትዬ።»

«እኮ! አንች ልጅ፣ ቅሬ የተጎዳ ሰው ጥሎ ይሄዳል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ከዓሣ አጥማጁ ሰልፍ አንዱ ወጥቶ «አይዞዎት» ሊላቸው ሄደና እዚያው ቀረ። ከነጋዴውም ሌላ ተከተለ። ከዚያ ሁለት ሦስት እየሆኑ መሻገር ያዙ።

«ኧረ እኔም ልሸነፍና አስተዛዝኑኝ!» አለ ነጋዴው።

«ቆጠራዬን አበላሻችሁት!» ትላለች ልጄ። የሚሰማት የለም። በመጨረሻ ረጅሙ ሰልፍ የአዛውንቱ ሆነ።

«እኔ እኮ ለማሟያ ነው የገባሁት» አሉ አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው።

እሳቸው ዳኛ ሆኑ፤ ነጋዴውና ዓሣ አጥማጁ ከነሰዎቻቸው ረዳት ሆኑ። ልጄ ያስተማረችን እንዲህ እንዳልነበር አውቃለሁ። ግን ሰልፉ ሁለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚሻገርበት አያገኝም ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ ነቅቷል።

«ተከፈለ?»

«አልተከፈለም፣ አባዬ።»

«እና ማን ይሸከመኛል?»

«ላዩም ታቹም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም በልቤ አልሁ።

ከውጫሌ በኩል እንደገና አጉረመረመ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ዝናብ አይደለም፣ አይደል?» አለኝ።

እጁን ያዝሁት። «አይደለም፣ አባዬ» አልሁት።