አልወጣም ያልኳት ሦስተኛ ክፍል

ባለቤቴ ለሥራ ብሎ ከቤት ወጥቶ ስልኩን ያጠፋ ጊዜ ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ አኮረፈችኝ። ካዛንቺስ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ "በላሽ?" ስላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ በቃ፣ ወሬያችን ያ ነበር።

ዝምታዋን የሰበረው መጽሐፍ ነው። ስታዲየም አጥር ሥር መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰውዬ፣ ለወጣቶች የተጻፈ ተከታታይ ልቦለድ የመጀመሪያውን ክፍል ገዛችው። ጥሏቸው የጠፋ አባቷን ከከተማ ከተማ ስለምትፈልግ ልጅ ነው። በሁለት ቀን ጨርሳ አልጋዬ ላይ ጣለችልኝና "አንብቢው" አለችኝ። አነበብኩት። ሁለተኛውን ክፍል እየተሻማን ጨረስነው። ከዚያ በኋላ እራት ላይ የምናወራው አገኘን። አባትየው ለምን ሄደ? እሷ ታስሮ ነው ትላለች። እኔ ታሞ፣ ላለማስቸገር ብሎ ነው እላለሁ። ስለማን እንደምናወራ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ስልኬን የተውኩለት መጽሐፍ ሻጭ ደወለልኝ። ሳልነግራት ወሰድኩትና ሜክሲኮ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጬ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። አባትየው ተገኘ። ሌላ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። አቀፋት፣ አለቀሰ፣ ይቅር አለችው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቀረው መጽሐፍ በሙሉ ስላፈቀረችው ልጅ ነው። የዘለልኩት ያለ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ገጾቹን አንድ በአንድ በጣቴ ለየሁ። ለምን እንደሄደ አንድ ቃል የለም። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ቤት ስገባ "ሦስተኛው አልወጣም?" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት።

ሳምንት ሙሉ ዋሸሁ። ምክንያቱን ራሴ ጽፌ መሐል ልሰካበት ሁሉ አስቤ ነበር። በክሊኒኩ ወረቀት ላይ፣ በአባትየው አንደበት "የሄድኩት" ብዬ ጀመርኩና ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

ቅዳሜ በስታዲየም በኩል ስታልፍ መጽሐፍ ሻጩ "እናትሽ ወስደውታል እኮ" ብሏታል። መጥታ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣችው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ማንበብ ጀመረች። የሠራሁት ምሳ ቀዘቀዘ። ስትጨርስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ፣ "ለምን እንደሄደ አልጠየቀችውም" አለች።

"አዎ፣ አልጠየቀችውም።"

"አንቺስ ታውቂያለሽ?"

ጥያቄው የመጽሐፉ እንዳልሆነ ገባኝ።

"አላውቅም ልጄ። እውነቴን ነው። ስልኩ እንደተዘጋ ነው።"

ዞራ ፊቴን አየችው።

"የምታውቂና የምትደብቂኝ መስሎኝ ነበር" አለች።

ለካ ሁለት ዓመት ያኮረፈችኝ ለዚህ ነው። መጽሐፉን ስደብቅ ደግሞ ጥርጣሬዋን እውነት አደረግኩት። አሁን እንዳልደበቅኳት አምናኛለች፤ ነገር ግን ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ እንደሌለም በዚያው ገባት። እኔ የማውቅ ሲመስላት፣ ቢያንስ አንድ ቀን እንደሚነገራት ተስፋ ነበራት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከጀርባዋ ገብቼ አቀፍኳት። እሷ ድምፅ ሳታሰማ ነበር የምታለቅሰው፤ እኔ ግን የኔን መያዝ አልቻልኩም።