ሁለተኛዋ ምስክር

ፊሊጶስ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲሠራ በአንድ ሰው ቃል ብቻ የዘጋው ፋይል የለም። ሁሌም ሁለተኛ ምስክር ይጠይቃል። ስለዚህ ሚስቱ ሐሴት በሞተች በሁለተኛው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ላምበረት ባለው ቤቱ ከተዘጋው መኝታ ክፍል የነጠላ ጫማዋን ሸርተት ሸርተት ሲሰማ የገዛ ጆሮውን አላመነም።

አምስት ቀን በተከታታይ ሲሰማው ግን ቦሌ ሚካኤል ለምትኖረው ታላቅ እህቱ ለአሰገደች ነገራት።

"የሞተ ሰው አይመለስም" አለችው እንደ ሰባኪ ጠንክራ። "እውነት የምትሰማው ነገር ካለ ርኩስ መንፈስ ነው። ቅዳሜ የጸሎት ቡድኑን ይዤ እመጣለሁ፤ ይገሥጹታል፤ ዳግም እዚያ ቤት ድርሽ አይልም። ከሌለ ደግሞ ሐዘን ነው፣ ያልፋል። አጣራና ንገረኝ።"

ቢኖር ይሻለው እንደሆን ባይኖር፣ ፊሊጶስ አላወቀም። ማጣራት ግን ያውቅበታል።

ሐሙስ ጠዋት ሾላ ገበያ ወርዶ፣ ዶሮና ጥንቸል ከሚሸጠው ከሚስባህ የሽቦ ሳጥኖች ፊት ቆመ። ውሻ አልፈለገም፤ ውሻ የጌታውን ፊት አይቶ ይፈራል። ያ ምስክርነት አይባልም።

"ለማርባት ነው ጋሼ? ወንድ ልስጥዎት ሴት?"

"በደንብ የምትሰማ።"

ሚስባህ ሳቀ። "በዚህ ጆሮ ካልሰማች በምን ልትሰማ? እርስዎ ደግሞ!"

ፊሊጶስ አልሳቀም። ከሳጥኖቹ ኋላ ዞሮ መሬቱን በጫማው በስሱ ፋቀ። ነጯ ጎመኗን ማኘኳን አላቆመችም። ግራጫዋ ደንብራ ጥግ ያዘች። ቡናማዋ ግን አንድ ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች፤ መፋቁን ሲተው ጆሮዋን መለሰች። ሦስት ጊዜ ሞከራት። ሦስቴም አልሳተችም።

"አለፈች?" አለ ሚስባህ። "ዲግሪዋን ይስጧታ!"

እቤት ሲደርስ ቡናማዋን ከጎመኗ ጋር ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ለቀቃትና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሸርተት። ሸርተት።

ጥንቸሏ ማኘኳን አቆመች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ቀጥ አሉ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው በሩ ጋ ሲደርስ ከፊሊጶስ ጆሮ ጠፋ። የእሷ ጆሮዎች ግን አላበቁም። ከተዘጋው በር ተነሥተው፣ የሚራመድ ሰው እንደሚከተሉ ቀስ እያሉ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ዞረው ወደ ሶፋው መጡ። ከጎኑ ካለው ባዶ ቦታ ሲደርሱ ረጉ።

ዞር ብሎ ሊያይ ፈለገ፤ አንገቱ እምቢ አለው። ስልኩ ጮኸ።

"እህስ? አጣራህ?" አለች አሰገደች። "ለቡድኑ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?"

ፊሊጶስ በዕድሜው ያልሆነውን ሆኗል፣ የሆነውን አልሆነም ብሎ አያውቅም። ጥንቸሏን አያት። ጆሮዎቿ ንቅንቅ አላሉም።

"አይ እትዬ" አለ፣ ከጎኑ ያለ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምንም የለም። እንዳይመጡ።"