የእትዬ መጋረጃ መስኮት

የሰፈራችንን የነዋሪዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰው አይስቅም፣ አይኮራረፍም፤ «ተወያይቶ ወሰነ» ተብሎ ይታለፋል። የዚያችን ማክሰኞ ግን እንዲህ ብዬ ባልፋት ይቆጨኛል። ስለዚህ ሌላ ደብተር ገዛሁ፤ ይኸው ከነሳቁ ልጻፈው።

ሰፈራችን ኮረብታ ላይ ነው። መንገዶቹ በዛፍ ስም ይጠራሉ፤ አጥሮቹ ግን ከዛፎቹ ይረዝማሉ። እዚህ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ወይ ውሻ እያንሸራሸረ ነው ወይ መኪናው ተበላሽቷል። እኔ ራሴ ጎረቤቴን የማውቀው በስሙ ሳይሆን በበሩ ቀለም ነው። እያንዳንዱ ግቢ ፊት ለፊት ትልቅ የብረት በር አለው፤ በጎን ደግሞ ሠራተኛና ዕቃ የሚገባባት ጠባብ በር አለች። ሰፈሩ በምን ይኮራል ብትሉ በጸጥታው ነው። ኮሚቴያችን ይህን ጸጥታ የሚጠብቀው በአንድ መስመር ደንብ ነው፦ ሰፈሩ ሲመሠረት ያልነበረ ነገር በመንገድ ፊት አይሠራም።

እትዬ መጋረጃ የምንላት ሴት የሰፈሩን መስኮቶች አንድ ሳይቀር ያለበሰች ናት፤ ከእሷ በፊት ደግሞ እናቷ። በጎን በር ገብታ በጎን በር ትወጣለች። ማን ከማን ተለይቶ እንደሚተኛ፣ የማን ሳሎን ከፊት አምሮ ከኋላ እንደተጣፈ ታውቃለች፤ አፏ ግን ከስፌቷ ይጠብቃል። አንዴ ባለቤቴ ስለ ጎረቤት ሊያወጣጣት ቢሞክር፣ «ጌታዬ፣ እኔ መስኮት እንጂ ሰው አልለካም» ብላ አፉን አስያዘችው።

የምትሰፋው ኮረብታው ግርጌ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአምፖል። የእኛን ቤት በብርሃን የምትሞላው ሴት የራሷ መስኮት የላትም። ባለፈው ዓመት ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠፋባት ጀመር። ሐኪሟ ነገሩን አላለባበሰም፦ ወይ በቀን ብርሃን ስፊ፣ ወይ የስፌት መኪናሽን ሽጪ።

ያኔ ነው የማዕዘኑ ቤት ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ «የፊት ክፍሌን ውሰጂው» ያሏት። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ግን ሰው ጎኑን አሹልኮ እንኳ የማይገባበት ጠባብ ነው። እትዬ መጋረጃም ኮሚቴው ፊት ቀርባ፣ ይህ መስኮት ድሮ፣ ሰፈሩ ሲመሠረት፣ ሰፊ እንደነበር፣ ክፍሉም የባርኔጣ ሱቅ እንደነበር ተናገረች። ኋላ መስኮቱን ያጠበበው ግንብ ይከፈትልኝ አለች።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ይህን ሲያደርጉ መልሱ «አይሆንም» ነው።

«እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። በዚህ ሰፈር ሱቅ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።»

«የሱቁን መጋረጃ የሰፋችው እናቴ ናት፣ ጋሼ።»

«እናትዎን አከብራለሁ። ግን የእናት ትዝታ ግንብ አያስፈርስም።»

ከዘንቢሏ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ከፈተችው። ውስጡ ተጠቅልለው የተደረደሩ ጥብጣቦች ነበሩ፤ በያንዳንዱ ጫፍ የልብስ ቁልፍ ተሰፍቶበታል። እናቷ መጻፍ አይችሉም፤ ለየመስኮቱ አንድ ጥብጣብ ይቆርጡ ነበር። ከቁልፉ እስከ ቋጠሮው ቁመቱ ነው፤ ከቋጠሮው እስከ ማዶው ጫፍ ወርዱ ነው። ቁልፉ ቤቱን ይነግራል። የእኛን ቤት ጥብጣብ ቁልፍ ሳየው፣ የአያቴ ካፖርት ላይ የነበረው አረንጓዴ ቁልፍ ነው፤ ለስንት ዓመት የጠፋብን። የማዕዘኑ ቤት ጥብጣብ ወርድ ሲዘረጋ ከጠረጴዛችን አልፎ ተንጠለጠለ።

ብዙ ተነጋገርንና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ማክሰኞ ጠዋት ግንበኛ ተጠርቶ፣ በእናትየው ልክ መሠረት፣ የመዳፍ ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ይበሳ። የድሮው መስኮት ጠርዝ ከተገኘ ይከፈት፤ ካልተገኘ ጉዳዩ ዳግም አይነሳ።

ማክሰኞ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። በመኪና መስታወት ብቻ የማያቸው ሰዎች እግር እንዳላቸው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የጠባቡ መስኮት ግራ ጠርዝ የጥንቱ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ በቀኙ በኩል ያለው ግን ሁሉም ልስን ነው። እትዬ መጋረጃ ቋጠሮውን በግራው ድንጋይ ላይ ያዘች፤ ግንበኛው ጥብጣቡን ወደ ቀኝ ወጥሮ፣ ያለቀበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ መሮውን አስደግፎ መምታት ጀመረ።

ልስኑ ወደቀ። ከሥሩ ድንጋይ ነው። ትንሽ ግራና ቀኙን ጎረጎረ፤ ያው ድንጋይ ነው፣ ጠርዝ የሌለው፣ ቤቱ ሲሠራ የተቀመጠ።

«ይሄ ተነክቶ አያውቅም» አለ ግንበኛው፣ እሷን ላለማየት መሮውን እየጠረገ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እትዬ መጋረጃ ጥብጣቡን እጇ ላይ ጠቅልላ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች። እናትየዋ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ብሏል፤ ጆሯቸውም በደንብ ስለማይሰማ እየጮኹ ያወራሉ፤ ልጃቸውም ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ ጥብጣብሽ ድንጋይ ላይ ጣለኝ።»

«ከየት አስጀመርሽው?»

«ከመስኮቱ ጠርዝ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ተሰማ። «አንቺ ልጅ፣ መጋረጃ ከመስኮት እኩል ይቆረጣል እንዴ? በየጎኑ አንድ አንድ ስንዝር ግድግዳውን አይሸፍንም? ስንት ዓመት ሰፋሁ ነው የምትዪው?»

እትዬ መጋረጃ ግንባሯን መታች። እሷ መስኮቱን በሜትር ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ትርፉን የምትጨምረው ጨርቁን ስትቆርጥ ነው። እናቷ ግን ትርፉን ጥብጣቡ ውስጥ አስገብተው ነበር የሚቋጥሩት። የሰውን ሁሉ መስኮት ስትለካ ያልተሳሳተች ሴት የራሷ ላይ ስትደርስ ተሳሳተች።

«ውሳኔው አንድ ቀዳዳ ነው የሚለው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ማነው እሱ?» አሉ እናትየዋ።

«ሊቀመንበሩ ናቸው፣ እማዬ። የዳኛው ልጅ፣ እሳቸውም ዳኛ የነበሩት።»

«ውይ፣ አንተ ነህ? መጋረጃ ላይ ተንጠልጥለህ ዘንጌን የሰበርከው?»

ሰፈሩ ጸጥታውን ረሳ። እኔም ቃለ ጉባኤውን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው።

«ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ገና ጡት አልጣልክም ነበር። እንዴት አድርገህ ታየዋለህ?»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ የማን ልክ ነበር ያልነው?»

አነበብኩ። «በእናትየው ልክ መሠረት።»

«እንግዲያው ይኸኛው ቀዳዳ የልጅቱ ልክ ነው። የእናትየው ገና አልተበሳም።» ዳኝነት ከሰው ላይ በጡረታ እንደማይወልቅ ያን ጊዜ ገባኝ። «ሁለት ስንዝር ወደ ግራ። የማን ስንዝር ነው ግን?»

«የእማዬ ነዋ» አለች እትዬ መጋረጃ። «ግድ የለም፣ እጄ የእሷ ነው።»

አውራ ጣቷን ከምልክቱ ላይ ተክላ ጣቶቿን ዘረጋች፤ አንድ፣ ሁለት። ትንሿ ጣቷ ያረፈችበት ላይ ግንበኛው መታ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። ልስኑ ሲረግፍ በቀኝ ድንጋይ፣ በግራ ቀይ ጡብ፤ በመካከላቸው ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። ዝገት የበላው የመስኮት ማጠፊያም ከነምስማሩ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል።

«ይኸው ጠርዙ» አለ ግንበኛው። አሁን እሷን እያየ ነው።

«እማዬ፣ ተገኘ።»

«የት ይሄዳል?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ጡቡ ሲወጣ የመስኮቱ የድንጋይ ደፍ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ተገኘ፤ ባርኔጣ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ክርናቸውን አስደግፈው የጨረሱት ነው። ለካ ሰፈራችን አንድ ጊዜ ሰው የሚቆምበት፣ ተደግፎ የሚያወራበት ሰፈር ነበር። ደንባችን የሚጠብቀው ጸጥታ ራሱ ሰፈሩ ሲመሠረት ያልነበረ ነው። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገርኩ፤ ማንም አልተቃወመም። ቃለ ጉባኤው ላይም በወፍራሙ ጻፍኩት።

ሱቁ በተከፈተ ቀን እናትየዋን ከግርጌው ያመጧቸው ሊቀመንበሩ በራሳቸው መኪና ናቸው። ደግፈው አወረዷቸው፤ በፊት ለፊቱ በር አስገቧቸው። እናትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ለኩት። ፀሐዩ የልጃቸው ስፌት መኪና ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ነጩ ክር ላይ ወርዷል።

«ለሰው ሁሉ ሰፍተሽ» አሉ፣ «ለዚህ መስኮት መጋረጃው የታለ?»

እትዬ መጋረጃ ክሩን ያለ መነጽር በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችና ቀና አለች።

«ለዚህስ አልሰፋም፣ እማዬ።»