ቦንዡር የማይሉት እትዬ አስካለ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። እናቴን እንኳ በስልክ ነው የማገኛት እንጂ ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ነገር ግን እትዬ አስካለ ዐረፉ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሞቱት ማለዳ ላይ ነው። እኔ እዚህ ጀርመን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተኝተው ከነበሩበት ሆስፒታል ነርሷ ደውላ ስትነግረኝ መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ መንገደኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ አዳራሽ ለዓመታት ጠርጌአለሁ፤ ወንበሩ ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

እናንተ ብዙዎቻችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ሰምታችኋል። «በታላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ያስተማሩ፣ የማኅበራችን ኩራት» ተባለላቸው። ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ መጠጥ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበታቸው እስኪያልቅ የሠሩባቸው ዓመታት «በልዩ ልዩ ሥራዎች ተሰማርተው» ተብሎ በአንድ ቃል ታለፈ። ያን ስሰማ አፌ መረረኝ። እሳቸው በሕይወት እያሉ አደራ ብለውኝ ነበርና።

«የሺ፣ እኔ ስሞት ያንን ዩኒቨርሲቲ እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ይለጥፉብኛል» ብለውኝ ነበር። «አንቺ አንሺልኝ። ያየሁትን እንዳየሁት ንገሪልኝ። የማዳም ሊዮኒንም ስም ጥሪልኝ።»

እኔም ከቀብር በኋላ እንደ ምንም ብዬ የማኅበሩን ሰብሳቢ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ እትዬ አስካለ ያንን አይወዱትም ነበር።»

«የቱን?»

«የአሜሪካውን።»

«ልጄ፣ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን የማይወድ ሰው አለ? እኛ ባገኘነው!» ብለው ሳቁ። አጠገባቸው የቆሙትም ሳቁ። «ለመሆኑ አንቺ ምናቸው ነሽ?»

መልስ አጣሁ። ዘመዳቸው አይደለሁም። ተማሪያቸውም አልነበርኩም።

«የምትዪው ካለሽ ጽፈሽ ለአርባቸው አምጪ፤ እናነበዋለን» አሉኝ። የቀልድ ይሁን የእውነት አልገባኝም። እኔ እንደ እውነት ወስጄዋለሁ።

ከእትዬ አስካለ ጋር የተዋወቅነው ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ሁለታችንም በምንኖርበት ፎቅ ኬለር፣ ማለት ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ነው። ገና አዲስ መጤ ነበርኩ። ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሜ ዳቦ እበላ ነበር። ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡና አዩኝ።

«አበሻ ነሽ?»

«አዎ።»

«ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው። አንቺ ፈረስ ነሽ?»

«አይ፣ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዳቦሽን ያዢና ተከተይኝ።»

ቤታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክብ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበሩ። የያዝኩትን ደረቅ ዳቦ ሳህን ላይ አስቀመጡልኝ፤ ቢላዋና ሹካ አጠገቡ ደረደሩ። ለዳቦ ሹካ! ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ በራቸውን ሳላንኳኳ አልፌ አላውቅም።

ሰው ሁሉ «ፕሮፌሰሯ» ይላቸው ነበር። ያን ስም ሲሰሙ የተበላሸ ወተት እንደ ቀመሰ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ፈረንሳይኛ ሲናገሩ የሰማቸው የለም። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ካሜሩናዊ ሊፍት ውስጥ ባገኛቸው ቁጥር በፈረንሳይኛ ሰላምታ «ቦንዡር ማማን!» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ጉተን ታግ፣ ልጄ» ይሉታል፤ ጀርመንኛና አማርኛ ቀላቅለው። አንዳንዱ ረስተውታል ይላል። አንዳንዱ ኩራት ነው ይላል።

ለበዓል ስንሰበሰብ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ያመጡላቸው ነበር። አንድ አባት ረጅም ልጁን ከፊታቸው አቁሞ «እትዬ፣ እስቲ ይምከሩልኝ፤ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሊያመለክት ነው» አላቸው።

«ሽንት ቤት ያጥባል?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ እትዬ! ኢንጂነር እኮ ነው የሚሆነው።»

«ኢንጂነር አይሸናም?»

ልጁ በጀርመንኛ «ፓፓ፣ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ተቆጥቶ ይዞት ሄደ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው «ይኸው ዘንድሮም አንድ ወዳጅ አጣሁ» አሉ፤ ሳቅንም።

ሥራቸውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሳክሰንሃውሰን የሚሠሩበት የፖም ወይን ቤት ሰው ሲያጥረው እሑድ እሑድ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢዎች የምንበላው መታጠቢያው ዳር ቆመን ነው፤ ከእንግዳ የተረፈውን፣ በእርጥብ እጃችን። እሳቸው ግን የጠርሙስ ሳጥኖች ገልብጠው ደርድረው፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰው «ኑ፣ ተቀመጡ» ይሉናል። ዋናው ወጥ ሠሪ ጀርመናዊው «ፍራው አስካለ፣ ጊዜ የለም! ጊዜ የለም!» እያለ ይጮሃል።

«አንተም ና፤ ተቀመጥና ጩህ» ይሉታል።

አንድ ቀን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ራሱ ይገለብጥ ጀመር።

ታዲያ የአሜሪካውን ታሪክ የነገሩኝ እኔ ሳላስበው ባነሣሁት ወሬ ነው። አንድ ቀን ፍሉግሃፈን ውስጥ መንገደኛ አስታውኮ ተንበርክኬ እያጸዳሁ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ በእጄ ላይ ተራምዶ «ጉተን ሞርገን» የሚል የጠዋት ሰላምታ ጥሎልኝ አለፈ። ይህን ለማሳቅ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

በልጅነታቸው አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ነበር የተማሩት። በደርግ ጊዜ አሜሪካ ሄዱ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ ረዳት አስተማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ግቢው እንደ ሥዕል ነበር አሉኝ፤ ትልልቅ ዛፍ፣ የተላጨ ሣር፣ ደወል። እዚያ «የፈረንሳይኛ ቤት» የሚባል ነበር። ፈረንሳይኛ የሚማሩ ተማሪዎች ተጨማሪ ከፍለው አብረው የሚኖሩበት ነው። ራት ላይ ከፈረንሳይኛ ሌላ አይነገርም። እሳቸው ከደረጃው ሥር አንዲት ክፍል ተሰጣቸው፤ ሥራቸው ማታ ማታ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው እየበሉ አነጋገር ማረም ነበር።

«ሲበሉ ማየት ያስጠላ ነበር» አሉኝ። «ፖሙን አንድ ጊዜ ገምጠው ይወራወሩበታል። ሥጋው ሳይነካ ይደፋል። ቅዳሜ ይጠጣሉ፣ እሑድ ይተኛሉ፣ ሰኞ ሌላ ሰው ያጥብላቸዋል። እኔ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ይኸው ነው።»

ያ ሌላ ሰው ማዳም ሊዮኒ ነበሩ፤ የሄይቲ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ። ፈረንሳይኛ በልጅነታቸው የተናገሩት ቋንቋ ነው። ተማሪዎቹ ራት ላይ በስንት መከራ «ጨው አቀብለኝ» እያሉ ሲለማመዱ፣ ጠዋት ባልዲ ይዘው የሚገቡትን ሴትዮ ግን አንድም ቀን ያነጋገራቸው የለም።

አንድ ሰኞ እትዬ አስካለ ከክፍላቸው ሲወጡ ማዳም ሊዮኒ ደረጃው ላይ ተንበርክከው ነበር። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ያስታወኩት እስከ ሰኞ ደርቋል። ሰካራሞቹ ለሳቅ ብለው በላዩ ላይ የልደት ቆብ ደፍተውበታል። ሴትዮዋ ቆቡን አንሥተው በቅቤ ቢላዋ ይፍቁ ነበር። እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ተንበረከኩ። በዚህ መካከል አንድ ተማሪ ገላውን ታጥቦ፣ ፀጉሩ እንደ ረጠበ፣ እያፏጨ ወረደ። በሁለቱ መካከል፣ በእጃቸው ላይ ተራምዶ አለፈ። ዞር ብሎም ፈገግ አለና «ቦንዡር ማዳም! ቦንዡር ማድሙዋዜል!» አለ።

«አጠራሩ ልክ ነበር» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ያስተማርኩት እኔ ነኛ! ከንፈሩን እንዴት እንደሚያሾል ፊቱ ቆሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ቃሉ ራሱ ሸተተኝ። ዛሬም ይሸተኛል። በአፌ አላስገባውም።»

በዚያው ቀን ማዳም ሊዮኒን ለራት ጋበዟቸው። ሴትዮዋ ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን ወልውለው መጡ። አንዲት ልጅ ሳህኗን ይዛ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሌላው በእንግሊዝኛ «የግድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያ እርጥብ ፀጉር ያለው ልጅ አፍንጫውን በናፕኪን ሸፈነ። ማዳም ሊዮኒ ሾርባቸውን ጨረሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ «መርሲ» ብለው አመሰገኑና ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ የቤቱ ኃላፊ እትዬ አስካለን አስጠራቸው። ጠረጴዛው ለከፈሉ ተማሪዎች ነው አላቸው። ተማሪዎቹ ቅር ብሏቸዋል አላቸው። «አንቺም ብትሆኚ እዚያ የምትቀመጪው ሥራሽ ስለሆነ ነው» አላቸው።

«ሥራዬ ከሆነ ቆሜ ልሥራው» አሉት።

የትምህርቱ ዘመን እስኪያልቅ ድረስ ማታ ማታ ከጠረጴዛው ራስ ቆመው አረሙ። ከዚያ ጠረጴዛ እህል አልቀመሱም። የሚበሉት ጠዋት ነበር፤ ከደረጃው ሥር፣ ከክፍላቸው አጠገብ፣ መጥረጊያ የሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ፣ ከማዳም ሊዮኒ ጋር ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው። «አሜሪካ አገር በላሁ የምለው ያንን ነው» አሉኝ። ለቀጣዩ ዓመት ውላቸውን አላደሱላቸውም። እሳቸውም ወደ ጀርመን መጡ።

«ታዲያ ለምን ለሰው አይነግሩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነግሬ ነበር። ‹ተባርራ ነው ስም የምታጠፋው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት። ሰው ሜዳሊያ ሲፈልግ ትውከት አይታየውም።»

የእነዚያ ልጆች ብልግና ብቻ አይደለም ያስጠላኝ። የኛም ያስጠላኛል። ከቀብር መልስ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ወንዶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የማን ልጅ የት ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባ ያወሩ ነበር፤ «እንደ እትዬ አስካለ» እያሉ። ምግቡን የሠራነው ሴቶች ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በድስት ክዳን ላይ፣ ቆመን ነበር የምንበላው። አንድ ሰው ብቅ ብሎ «እናንተ፣ ወጥ ጨምሩ እንጂ!» አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ራሱን ያውቃል። በእትዬ አስካለ ሐዘን ላይ! የጎረስኩትን ተፋሁት።

ስለዚህ አደራዬን እወጣለሁ። እትዬ አስካለ የማኅበራችን ኩራት የሆኑት በዚያ ዩኒቨርሲቲ ምክንያት አይደለም። ማዳም ሊዮኒ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ዛሬ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም፤ ስማቸውን እነሆ ጠርቻለሁ። ይህ ጽሑፍ በአርባቸው ቀን የሚነበብ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ወጥ ቤት ውስጥ የቆማችሁ እኅቶቼ፣ ሳህናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተቀመጣችሁት ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ሁሉም ሳይቀመጥ የቀረው አይነበብ።

እትዬ አስካለ፣ በዚያ በትንሿ ጠረጴዛዎ ላይ ሰው ስላደረጉኝ እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር። ምናቸው ነሽ ሲሉኝ መልስ አጥቼ ነበር፤ ዛሬ አግኝቼዋለሁ፤ አብራዎት ተቀምጣ የበላች ነኝ። ፈረንሳይኛ አላስተማሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁዎትም። ወንበርዎን ወስጄዋለሁ፤ ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። አንዱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ፤ ሌላው ላይ ኬለር ውስጥ የማገኘውን ሰው አስቀምጣለሁ። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ።

መጨረሻ ያየሁዎት ቀን ከሥራ በቀጥታ ነበር ሆስፒታል የመጣሁት። ዓይንዎ ተከድኖ ነበር። የተኙ መስሎኝ፣ ርቦኝም ስለነበር፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ገመጥኩ። ዓይንዎን ገለጡ። እጅዎ በብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያለ ሄደና ወንበሩ ላይ የነበረውን ካፖርትዎን ወደ ራስዎ ሳበው። ወንበሩ ባዶ ሆነ።

«የሺ» አሉኝ፤ «ቁጭ ብለሽ ብዪ።»